ኮልትሬንን ጥለውት የወጡና ተከትለውት የሄዱ

ጊዜው ኖቬምበር 11 ቀን 1966፣ ቦታው ፊላዴልፊያ፣ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚጠብቀው ጆን ኮልትሬንን ነው። ፊላዴልፊያ ለኮልትሬን ባዕድ ከተማ አይደለችም። በ1943፣ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ መጥቶ ሙዚቃ የተማረባት፣ በየክለቡ እየተጫወተ ያደገባት ከተማ ናት። ስለዚህ ሰዎቹ የመጡት የገዛ ልጃቸውን ሊሰሙ ነው። በሸክላ የሚያውቁትን ያን ባንድና ያን የቴነር ሳክስፎን ድምፅ ሊሰሙ ነው።

መድረኩ ላይ ያገኙት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፒያኖው ላይ የሚያውቁት ማኮይ ታይነር የለም። ድራሙ ላይም ኤልቪን ጆንስ የለም። በእነሱ ፈንታ ሌላ ሳክስፎን፣ ተጨማሪ ከበሮዎች፣ ተጀምሮ ወዲያው የሚሰወር ዜማ። መሐል ላይ ደግሞ ኮልትሬን ሳክስፎኑን ከአፉ አውጥቶ፣ ደረቱን በእጁ እየደለቀ፣ ቃል በሌለው ድምፅ ይጮህ ጀመር። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ ተነሣ፤ ሌላው ተከተለ…

በዚያው አዳራሽ ግን አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ያዳምጥ ነበር። ማይክል ብሬከር ይባላል። ኋላ ከዓለም ታዋቂ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቾች አንዱ የሆነው እሱ ነው፤ ሙዚቃን የሕይወቱ ሥራ ለማድረግ የወሰነውም በዚያ ምሽት ምክንያት እንደሆነ ተናግሯል። እንግዲህ ምሽቱ አንድ፣ ሙዚቃውም አንድ ነው። አንዱ ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ፤ ሌላው የሕይወቱን መንገድ አገኘ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አድናቂ ማለት ማን ነው? የወደደውን ነገር እንዳይለወጥ የሚጠብቅ ነው ወይስ የወደደውን ሰው እስከሚሄድበት ድረስ የሚከተል? የኮልትሬን አድናቂዎች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከማንም በላይ የተመቸ ነው። ምክንያቱም ከእነሱ መካከል ጥለውት የወጡም አሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሠሩለትም አሉ።

*

ኮልትሬን በ1926 ሐምሌት በምትባል የኖርዝ ካሮላይና ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት፣ አባቱንም ሰባኪ የነበሩትን አያቱንም አጣ። ከባሕር ኃይል አገልግሎት በኋላ ከዲዚ ጊለስፒ ጋር ተጫወተ፤ በ1955 ደግሞ ማይልስ ዴቪስ ወደ ባንዱ አስገባው። ስሙ የወጣው ያኔ ነው። ግን ሄሮይን ይዞት ነበር። በ1957 ማይልስ አሰናበተው።

ብዙ ሙዚቀኛ ከዚህ በኋላ አልተነሣም። ኮልትሬን ተነሣ። በዚያው ዓመት ሱሱን ተወ። ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ በ1957 በእግዚአብሔር ቸርነት መንፈሳዊ መነቃቃት አገኘ፤ በሙዚቃው ሌሎችን ማስደሰት እንዲችልም ጸለየ። ከቴሎኒየስ መንክ ጋር በኒው ዮርኩ ፋይቭ ስፖት ክለብ የተጫወተው፣ ብሉ ትሬንንም የቀዳው በዚያው ዓመት ነው። የሚለማመደው ደግሞ ያለ ዕረፍት ነበር። በክለብ ውስጥ እንኳ ከአንዱ ዙር እስከሚቀጥለው ባለው ክፍተት ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ሳክስፎኑን ይነፋ ነበር።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አድናቂዎቹ ከሙዚቃው በፊት የወደዱት ይህን ነገር ይመስለኛል። ወድቆ የተነሣ ሰው ነው፤ ከተነሣ በኋላም መቆም የማያውቅ። ኋላ ያጣላቸውም ያው አለመቆሙ መሆኑ ነው የሚገርመው።

*

አሁን ወደ ባንዱ እንምጣ። ኮልትሬንን ብቻውን ማድነቅ ግማሽ አድናቆት ነው። ከ1961 መጨረሻ እስከ 1965 መጨረሻ የዘለቀው ኳርቴት አራት ሰው ነበር፦ ኮልትሬን፣ በፒያኖ ማኮይ ታይነር፣ በቤዝ ጂሚ ጋሪሰን፣ በድራም ኤልቪን ጆንስ። ታይነር በግራ እጁ ከባድ ኮርድ እየጣለ ለሳክስፎኑ ወለል ያነጥፍለታል። ጋሪሰን አንዲት አጭር ሐረግ ይይዝና አይለቅም። ጆንስ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት የተለያየ ምት የሚመታ ይመስላል፤ አንድ ሰው ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ኮልትሬን ከላይ እንደልቡ የሚበረው ከታች እነዚህ ሦስቱ ስላሉ ነው።

ኳርቴቱ ከመሟላቱ በፊት፣ በ1960፣ ኮልትሬን ከታይነርና ከጆንስ ጋር ማይ ፌቨሪት ቲንግስን ቀድቶ ነበር። ከአንድ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር የተወሰደ፣ ማንም የሚያውቀው ቀላል ዜማ ነው። ኮልትሬን በሶፕራኖ ሳክስፎን ይዞት ከ13 ደቂቃ በላይ አስኬደው። ሰው ወደደው። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁሉም ግን አልወደደም። በ1961 ዳውን ቢት በተባለው የጃዝ መጽሔት ላይ አንድ ሐያሲ፣ ኮልትሬንና ጓደኛው ኤሪክ ዶልፊ የሚጫወቱት ጸረ ጃዝ ነው ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም በዚያው መጽሔት ወጥተው፣ ያለ ስድብና ያለ ቁጣ፣ ምን እየሠሩ እንደሆነ አስረዱ።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963 በበርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ዘረኞች በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ላይ ቦምብ አፈንድተው አራት ልጃገረዶችን ገደሉ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ኳርቴቱ “አላባማ” የሚል ሥራ ቀዳ። ቃል የለውም። ሳክስፎኑ በዝግታ የሚናገር እንጂ የሚዘፍን አይመስልም፤ እንደ ሙሾ አውራጅ። ይህን የሰማ አድናቂ ከዚያ በኋላ ኮልትሬንን እንደ ተራ ተጫዋች ሊያየው አይችልም። ሐዘኑን የነገረለት ሰው ነውና።

ዲሴምበር 9 ቀን 1964 ደግሞ አራቱ ኒው ጀርዚ በሚገኘው የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ገብተው በአንድ ምሽት ኤ ላቭ ሱፕሪምን ቀዱ። ከሁሉ የሚልቅ ፍቅር እንደማለት ነው። አራት ክፍል፣ 33 ደቂቃ ያህል። መነሻው አራት ድምፅ ብቻ ያላት የቤዝ ሐረግ ናት። ኮልትሬን ያችን ሐረግ በአሥራ ሁለቱም የድምፅ መነሻዎች ያዞራታል፤ መውጫና መግቢያውን ሁሉ እየነካ። በመጨረሻው ክፍል ራሱ የጻፈውን ጸሎት፣ ቃል በቃል፣ በሳክስፎኑ ያነበዋል።

አልበሙ በ1965 መጀመሪያ ወጣ። በዚያው ዓመት የዳውን ቢት አንባቢዎች በሰጡት ድምፅ ኮልትሬን የዓመቱ ጃዝ ሰው፣ አልበሙም የዓመቱ አልበም ሆነ። አድናቂና ተደናቂ እንዲህ የተግባቡበት ዓመት አልነበረም። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ…

*

አላቆመም። ጁን 28 ቀን 1965፣ አድናቂዎቹ ኤ ላቭ ሱፕሪምን ገና አጣጥመው ሳይጨርሱ፣ አሥራ አንድ ሙዚቀኞች ሰብስቦ አሴንሽንን ቀዳ። 40 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ሁሉም በአንድነት የሚጮሁበት፣ ጆሮ መያዣ የሚያጣበት ሥራ ነው። ቀጥሎ ፋሮዋ ሳንደርስ የሚባል ሌላ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ጨመረ። ከዚያ ራሺድ አሊን፣ ሁለተኛ ድራመር አድርጎ።

መጀመሪያ የወጡት ታዲያ አድማጮቹ አይደሉም። ታይነር በ1965 መጨረሻ ባንዱን ተሰናበተ፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል የራሱን ፒያኖ መስማት አቅቶት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። በ1966 መጀመሪያ ጆንስም ሄደ። በታይነር ቦታ የኮልትሬን ባለቤት አሊስ ተቀመጠች። ፌብሩዋሪ 1966 በኒው ዮርኩ ሊንከን ሴንተር በተዘጋጀ ትልቅ የቴነር ሳክስፎን ዝግጅት ላይ ኮልትሬን ወጣቶቹን አስከትሎ ሲወጣ፣ ከአዳራሹ ብዙ ሰው ተነሥቶ ሄደ።

በጁላይ 1966 ጃፓን ሄደ። አቀባበሉ ደማቅ ነበር። ናጋሳኪ ላይ በአቶሚክ ቦምብ የሞቱት መታሰቢያ ወዳለበት ቦታ ሄዶ ጸለየ። ቶኪዮ ላይም ማይ ፌቨሪት ቲንግስን ተጫወተ። በ1960 ከ13 ደቂቃ ትንሽ ያለፈው ያ ዜማ አሁን አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ሄደ። እንግዲህ አድማጩ “የድሮውን ተጫወትልን” ቢለው እምቢ አላለም ማለት ነው። ተጫወተለት። የድሮው ግን በእሱ እጅ ድሮ ሆኖ መቆየት አልቻለም።

ለዚህ ሌላም ማስረጃ አለ፤ የወጣው ግን ቆይቶ በ2021 ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 1965 ሲያትል ውስጥ በአንድ ክለብ ኤ ላቭ ሱፕሪምን ከነሳንደርስ ጋር ሲጫወት የተቀዳ ቴፕ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆይቶ ታተመ። የ33 ደቂቃው ሥራ 75 ደቂቃ ሆኗል። አድናቂዎቹ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የያዙትን ሥራ ደራሲው ራሱ ዓመት ሳይሞላው ከፍቶ ይጽፍበት ነበር።

ኮልትሬን ጁላይ 17 ቀን 1967 በጉበት ካንሰር ሞተ። ዕድሜው 40 ነበር።

*

ከሞቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን አገር ሰዎች ጆሮ እንግዳ ነው። ፍራንዞ ኪንግና ባለቤቱ ማሪና በ1965 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጃዝ ወርክሾፕ በተባለ ክለብ ኮልትሬንን ሰምተው ነበር። ያን ምሽት በድምፅ እንደመጠመቅ ቆጠሩት። ቀስ በቀስ በኮልትሬን ሙዚቃ ዙሪያ የአምልኮ ማኅበር መሠረቱ፤ መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ኮልትሬንን አምላክ እስከማለት ደርሰው ነበር። በ1981 ስሙን በመጠቀማቸው አሊስ ኮልትሬን ከሰሰቻቸው። በ1982 ወደ አፍሪካን ኦርቶዶክስ ቸርች ገቡ፤ ያኔ ኮልትሬን ከአምላክነት ወርዶ ቅዱስ ተባለ። (ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1921 አሜሪካ ውስጥ፣ በማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ ዙሪያ ከነበሩ ጥቁሮች መካከል የተመሠረተች ናት፤ ስሟ ቢያመሳስላትም ከእኛዋ ተዋሕዶ ጋር አንድ አይደለችም።) በሥዕሉ ላይ ኮልትሬን አክሊለ ብርሃን አድርጎ፣ እሳት የሚወጣበት ሳክስፎን ይዞ ይታያል። ቅዳሴው የተቃኘውም በኤ ላቭ ሱፕሪም ነው።

በዚህ ለመሳቅ አልቸኩልም። ሙዚቃ ሰምቶ ሕይወቱን የለወጠ ሰው አይሣቅበትም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ሥዕል አይንቀሳቀስም። ጥለው የወጡት “ለምን ባለህበት አልቆምክም” አሉት፤ ያከበሩት ደግሞ ሥለው አቆሙት።

*

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? እኔ መውጣት ጥፋት ነው አልልም። ታይነርና ጆንስም ወጥተዋል፤ ግን ታይነር በ2020፣ ጆንስ በ2004 እስኪያርፉ ድረስ የኮልትሬንን ስም በክብር ማንሣት አልተዉም። ጆሯቸው አልችል አለ፤ ሄዱ። ዕዳ አለብህ አላሉትም። የእኛ የአድናቂዎች ችግር እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ልባችንን ከነካው አበዳሪው የሆንን ይመስለናል። አዲስ ሥራ ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ ከኋላ “የድሮውን! የድሮውን!” ብለን እንጮሃለን። እኛም አገር ይህን ጩኸት የማያውቅ ድምፃዊ ያለ አይመስለኝም። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ባለዕዳዎቹ እኛ ነን። “አላባማ”ን ለሰጠን ሰው ምን ከፍለነዋል?

ይህን የምጽፈው ተከታይ ሆኜ አይደለም። ኤ ላቭ ሱፕሪምን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አሴንሽንን ግን ስንት ጊዜ ሞክሬ ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም። እዚያ ፊላዴልፊያ ብኖር ካፖርታቸውን ካነሡት መካከል እሆን ነበር፤ አልዋሽም። ግን አሁን አንድ ነገር ገብቶኛል። ለእኔ ከባድ የሆነው ሙዚቃ የተጫወተው፣ እኔ የወደድኩትን የተጫወተው ያው ሰው ነው። በ1957 ከሱስ ያወጣው እልህ በ1966 ደረቱን ያስደለቀው እልህ ነው። አንዱን ወስጄ ሌላውን ልመልስለት አልችልም።

ዛሬ ማታ አሴንሽንን እንደገና እሞክራለሁ። ምናልባት ሃያ ደቂቃ እደርስ ይሆናል።