ረመዳንና ሰዓት እላፊ

እኛ ፕሮግራመሮች ዶክመንቴሽን ማንበብ አንወድም። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመች አንዲት የአሜሪካ ጦር መመሪያ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ኢራቅ ለሚላኩ ወታደሮች የተዘጋጀች ትንሽ የኪስ መጽሐፍ ናት።

ስለ ረመዳን የምትለው አጭር ነው። በቀን ሙስሊሞችን ብሉ፣ ጠጡ፣ አጭሱ ብለህ አትጋብዝ። በዚህ ወር ሰው ቶሎ ሊቆጣ ይችላል፤ አንተም ብትሆን እንደዚያው ነበርና ታገሥ። ለጦር ሰነድ ይሄ ደግ ምክር ነው። ወታደሩ ራሱን በጾመኛው ቦታ አድርጎ እንዲያስብ ይጠይቀዋል።

ምክሩ ግን በአብዛኛው ስለ ቀን ነው፤ የረመዳን ግማሹ ደግሞ ሌሊት ነው እኮ። ባግዳድ ውስጥ ከኢፍጣር በኋላ ዘመድ ይጠየቃል፣ ተራዊሕ ይሰገዳል፣ ሻይ ቤቱ ይሞላል። መሐይቢስ የሚባል ጨዋታም አለ፦ አንዱ ቡድን ከአባላቱ በአንዱ እጅ ቀለበት ይደብቃል፤ የሌላው ቡድን ተጫዋች ፊታቸውን እያየ ማን ጋ እንዳለ ይገምታል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ከበሮ መቺ ሰፈሩን ለሱሑር ይቀሰቅሳል።

በ2003 የአሜሪካ ጦር ባግዳድን ሲይዝ ሰዓት እላፊ አወጀ። ሰዓት እላፊ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደርግን ያየ ወላጅ ያለው ሁሉ ሰምቶታል። እስቲ አስቡት፦ ወታደሩ በጾመኛ ፊት ውሃ ላለመጠጣት ቢጠነቀቅ እንኳ፣ የጾመኛውን ሌሊት የቆለፈው የእሱ ጦር ነው።

ኦክቶበር 26 ቀን፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ጾሙን ምክንያት በማድረግ ሰዓት እላፊው ተነሣ። በማግስቱ የቀይ መስቀል ቢሮና ፖሊስ ጣቢያዎች በመኪና ላይ በተጠመዱ ፈንጂዎች ተመቱ። ከ30 በላይ ሰው ሞተ። “ደግነት ይህን አመጣ” ማለት ይቀል ይሆናል። ግን ፈንጂዎቹ የፈነዱት በጠራራ ጠዋት ነው፤ የሌሊት ሰዓት እላፊ ባያስቆማቸውም ነበር።

መመሪያዋ በ2007 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እንደገና ታተመች። መልካም ሆነ። ሆኖም የጾም ደንብ መማር ከአንድ ገጽ በላይ አይፈጅም። ከሁሉ የሚከብደው የሰውን ሌሊት በእጁ የያዘ ኃይል ያንን ሌሊት ለባለቤቱ መመለሱ ነው። በ2003 አንድ ጊዜ ተሞክሯል፤ ለእኔ ከመመሪያዋ ምክር ሁሉ የሚበልጠው ያ ውሳኔ ነው።