የድምፅ ርዝራዥ

እናቴ ማታ ድራማ ስታይ በየመሃሉ «ምን አለ?» ትለኛለች። ድምፁን እጨምራለሁ፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና «አሁንስ ምን አለ?» ጆሮዋ ደከመ ብዬ ሠግቼ ነበር። አንድ ቀን ግን መኝታ ቤት አልጋዋ ላይ ሆና ያንኑ ድራማ በስልክ ስትከታተል፣ በዚያች ሚጢጢ ስፒከር አንድም ቃል አላመለጣትም። ጥፋቱ የጆሮዋ ሳይሆን የሳሎናችን መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ቤታችን ላፍቶ ነው። ሳሎኑ እንደ ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሳሎኖች በልስን የተመታ የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል አለው። ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ የበረንዳው የመስታወት በር አለ፤ በስተግራ ወደ ማድ ቤት የሚወስድ ክፍት ኮሪደር። የእንዲህ ያለውን ክፍል ሕመም የድምፅ ባለሙያዎች ሪቨርብሬሽን ይሉታል። በአማርኛ የድምፅ ርዝራዥ ብንለውስ?

የድምፅ ርዝራዥ ማለት ምንጩ ዝም ካለ በኋላ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል እየተላተመ ክፍሉ ውስጥ የሚቆይ ድምፅ ነው።

«ገደል ማሚቶ አለልን አይደል?» የሚል ይኖራል። ገደል ማሚቶ ሌላ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ገደሉ ሩቅ ስለሆነ የጠራነው ስም ዘግይቶ፣ ራሱን ችሎ ይመለሳል። ሳሎን ውስጥ ግን አምስት ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ 0.03 ሰከንድ ይበቃዋል። ጆሮ ይህን ከመጀመሪያው ድምፅ ለይቶ አይሰማውም፤ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ምላሾች ተደራርበው አንድ ጭራ ይሆናሉ። የአንዱ ቃል ጭራም የሚቀጥለውን ይሸፍናል። ይበልጥ የሚጎዱት እንደ ፍ እና ስ ያሉ ጉልበት የሌላቸው ድምፆች ናቸው፤ ሰውየው «ፈራ» ይሁን «ሠራ» መለየት ይቸግራል። ድምፁን ብንጨምር ጭራውም አብሮ ያድጋል፤ የእናቴ ጥያቄ ያላቆመውም ለዚህ ነው።

«ማስተጋባት» የሚለውም ቅርብ ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ድርጊቱ ነው። እዚህ የሚያስፈልገን ለተረፈው ነገር የሚሆን ስም ነው። ርዝራዥ ዋናው አልፎ የቀረውን ቅሪት ይናገራል፤ «ረጅም ርዝራዥ»፣ «አጭር ርዝራዥ» ብሎ ለመለካትም ይመቻል።

መለኪያውን ያገኘው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የዩኒቨርሲቲው አዲስ የፎግ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ንግግር አልሰማ ሲል መላ እንዲፈልግ ተጠየቀ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ድምፅ 5.5 ሰከንድ ያህል ይቆይ ነበር። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራስ እያስመጣ፣ ሌሊት ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ፣ ትራሱ በጨመረ ቁጥር ርዝራዡ በስንት እንደሚያጥር በሰዓት ለካ። ዛሬ ድምፅ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ፣ ማለትም ጉልበቱ አንድ ሚሊዮንኛ እስኪሆን የሚወስደውን ጊዜ «የርዝራዥ ዕድሜ» ልንለው እንችላለን። በሳቢን ቀመር 5 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ባዶ የልስን ክፍል ርዝራዡ ከሦስት ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። 18 ካሬ ሜትር ያህል ድምፅ የመዋጥ አቅም ሲገባበት ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል፤ ለፊልም ንግግር የሚስማማውም በዚህ አካባቢና ከዚያ በታች ያለው ነው።

ድምፅ የሚውጡት ደግሞ ቤታችን የማያጣቸው ነገሮች ናቸው፦ ወፍራም ምንጣፍ፣ ተሸብሽቦ የተንጠለጠለ መጋረጃ፣ የአረቢያን መጅሊስ ፍራሽ፣ የመንዝ ባና። ቦታቸውን ለማግኘት እኔ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ወንድሜ የእጅ መስታወት ይዞ በግድግዳው ዳር ሄደ። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታየኝ የበረንዳው በር ላይ ሲደርስ ነው፤ የመጀመሪያው ምላሽ የሚነሳው ከዚያ ነው ማለት ነው። በግራ ያለው ኮሪደር ድምፁን ወስዶ ሲያስቀር በቀኝ ያለው በር ይመልሰው ስለነበር ንግግሩ ወደ ቀኝ ያጋድል ነበር። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ በስፒከሩና በሶፋው መካከል ምንጣፍ አነጠፍን።

ጎርናና ድምፅ ግን በጨርቅ አይበገርም። ይህን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከራችን፣ ሳብዉፈሩ፣ ጥግ ሲቀመጥ ሁለቱ ግድግዳዎች ጉርምርምታውን ስለሚያጎሉት ከጥግ አራቅነው፤ ለታችኛው ቤት ጎረቤትም እፎይታ ሆነ። ብዙዎች የሚለጥፉት የእንቁላል ካርቶን ስስ ስለሆነ ለዚህ ጉርምርምታ ምንም አይፈይድም።

ትልቅ ስፒከር ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሳሎኑ መካከል ቆሞ አንዴ ያጨብጭብ። ከጭብጨባው በኋላ የሚንጫረረው ርዝራዥ ነው፤ የገዛው ስፒከርም የሚናገረው በእሱ ውስጥ ሆኖ ነው።

ለፋሲካ መጋረጃው ወርዶ የታጠበ ዕለት ማታ፣ እናቴ ከሶፋዋ ዞር ብላ «ምን አለ?» አለችኝ።

«ርዝራዡ ተመልሶ ነው እማዬ፤ መጋረጃው እስኪደርቅ ታገሺ» አልኳት።