የደስታ በሽታ መጥፋትና የፎገራ ከብት

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች ከህንድ በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት ወደ አገራችን የዘለቀው በሽታ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቀንድ ከብቱ ከመቶ 90 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። ሕዝቡ «ደስታ» ይለዋል፤ ስምና ግብር እንዲህ የተራራቁበት በሽታ ጥቂት ነው። በሬ ያጣው ገበሬ በዶማ ቆፈረ፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» ተባለ።

ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ በስሙ የሚጠራ የከብት ዝርያ ያፈራ ምድር ነው። መንጋው በአንድ ግጦሽ ይሰማራል፤ ስሟን ከሐሙስ ባገኘችው በሐሙሲትና በመሰሎቿ ገበያዎችም ከየመንደሩ የተነዳው ከብት ጎን ለጎን ይቆማል። ደስታ የሚተላለፈው በእንዲህ ያለው የቅርብ ንክኪ ስለሆነ፣ የአንዱ ገበሬ በሬ መከተብ ለጎረቤቱም ጥጃ ከለላ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ የታመመ በሬ አራት ከብት የሚያስይዝ ቢሆን፣ ከአራቱ ሦስቱ ክትባት ባገኙበት መንጋ ውስጥ በሽታው የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው። የተከተቡት ከዚህ ልክ ሲያልፉ አዲስ የሚያዘው ከሚድነውና ከሚሞተው ያንሳል፤ ያልተከተበውም ጭምር ይጠበቃል። ከልኩ በታች ከሆነ ግን ሥራው ርብን ለማቆም ከጎርፉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ እንደ ተሠራ ክትር ነው። በዚያም ላይ በየዓመቱ የሚወለደው ጥጃ ልኩን መልሶ ዝቅ ያደርገዋል።

ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ያዘጋጀው ክትባት አንድ ጊዜ የተወጋውን ከብት ለዕድሜ ልኩ ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በምዕራብ አፍሪካ የተጀመረውና ኢትዮጵያንም ያካተተው የክትባት ዘመቻ በ1976 ሲፈጸም በሽታው የጠፋ መሰለ። ሆኖም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ እንደገና ተቀጣጠለ። ክትባቱ ያለ በረዶ ስለሚበላሽ መኪና ባልደረሰበት ቆላ የሚኖረው መንጋ ከልኩ በታች ቀርቶ ነበርና። በመላ አገሪቱ መርፌ ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አልነበረም፤ የጎደለው በሽታው በተሸሸገበት ስፍራ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ሙቀትን የሚችል፣ ያለ በረዶ እስከ 30 ቀን የሚቆይ ክትባት ሲዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ይህንኑ ይዘው በእግራቸው መንጋውን ተከተሉ፤ ከከተቧቸው ከብቶች ከመቶ 80 በላይ የሆኑት መከላከያ አገኙ። የመጨረሻው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የታየው በ1995 ነው። አገሪቱ በ2008፣ ዓለምም በ2011 ከበሽታው ነፃ ተባሉ።

ክትባቱም ቆመ። ዛሬ በፎገራ ሜዳ የሚግጠው ከብት ደስታን የሚቋቋምበት መከላከያ በደሙ የለውም፤ በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ተቆልፎ የቀረው ቫይረስ ጥበቃ ያልተቋረጠውም ስለዚህ ነው።