የአክሱም ድንጋዮች ስለ ንጉሥ ኢዛና የመሰከሩት

የጥንት ከተማ የነበረበትን ምድር የሚቆፍር ሰው በታየ ጊዜ ተመልካቹ ሁሉ ወርቅ ፈላጊ ነው ብሎ ያስባል፤ በእርግጥም ወርቅ ለማግኘት መቃብር የሚበረብሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። አርኬኦሎዢ የሚባለው ትምህርት ግን ሥራው ሌላ ነው። የዚህ ትምህርት ሊቅ ከወርቁ ይልቅ ወርቁ የተገኘበትን ስፍራ ይመረምራል፤ በየትኛው አፈር ሥር እንደ ነበረ፥ ከማን አጥንትና ከምን ሸክላ ጋራ እንደ ተቀበረ ይለካል፥ ይጽፋል፥ ሥዕሉን ያነሣል። ከስፍራው ተነቅሎ የመጣ ዕቃ ያማረ ቢሆንም እንኳ አባቱንና አገሩን መናገር እንደማይችል ሰው ነው።

ለዚህ ነገር ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። ዓመታቱን በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን። በ1805 ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ወደ አክሱም መጥቶ በጽርእ ቋንቋ የተጻፈ ድንጋይ አይቶ ቀድቶ ነበር። በ1906 ደግሞ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ ኤኖ ሊትማን የሚባለው የጀርመን ሊቅ የሕንፃ ዐዋቂዎችንና አንድ ሐኪም አስከትሎ መጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ የመቃብሮቹንና የሐውልቶቹን ልክ ወሰዱ፤ 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የወደቀውን ሐውልት እንኳ አልተዉትም። ሥራቸውም በ1913 በበርሊን በአራት ክፍል ታተመ። ሊትማን ግዕዝን ጠንቅቆ ያወቀ ስለ ነበረ ድንጋዮቹን እንደ ብራና አነበባቸው።

ከድንጋዮቹ አንዱ፥ የቤጃ ሕዝብ ባመፁ ጊዜ ንጉሥ ኢዛና ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ልኮ ድል እንዳደረጋቸው፥ 6 አለቆቻቸውንም ከ4,400 ሰዎች ጋራ ወደ ሌላ አገር አፍልሶ እንዳሰፈራቸው፥ በመንገድም ምግብና ልብስ እንደ ሰጣቸው ያወራል። ይኸው ነገር በጽርእ፥ በግዕዝና በሳባ ፊደል ተጽፏል፤ የግዕዙ ፊደል ግን ገና ካዕብና ሣልስ ያልተለየለት ነው። ንጉሡም በዚህ ድንጋይ ላይ ራሱን ማሕረም የሚባለው ጣዖት ልጅ አድርጎ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ስለ ኖባ ዘመቻ በተጻፈው ድንጋይ ላይ ፊደሉ ሆሄያቱ ተለይተው ይታያሉ፤ ማሕረምም የለም። ንጉሡ ድል ያደረገው በእግዚአ ሰማይ ኃይል መሆኑን ይናገራል።

ስለዚህም ብዙ ክርክር ተነሣ። እግዚአ ሰማይ አንድ አምላክን ያመለክታል እንጂ የክርስቶስን ስም አያነሣምና፥ ኢዛና ክርስቲያን መሆኑን የተጠራጠሩ ነበሩ። በ1969 ግን በአክሱም ሌላ የጽርእ ጽሑፍ ተገኘ፤ በሚከተለው ዓመትም ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ንጉሡ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን፥ በክርስቶስም መታመኑን ይገልጣል። ገንዘቡም ከዚህ ጋራ ይስማማል፤ የፊተኛው የጨረቃ ምልክት ሲኖረው የኋለኛው መስቀል አለበት። አንድ ሰው ሃይማኖቱን ሲለውጥ እንዲህ ደረጃ በደረጃ በድንጋይና በብር ላይ የሚታይበት አገር ብዙ አይደለም።

ለካህናት የሚከብደው ጥያቄ ግን የስም ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት በአባ ሰላማ ዘመን የነገሡትን ወንድማማቾች አብርሃና አጽብሓ ይሏቸዋል፤ ድንጋዩ ኢዛናና ሳይዛና ይላል። አርዮሳዊው ንጉሥ ቆንስጣንጢዮስ ስለ ፍሬምናጦስ የጻፈው፥ ቅዱስ አትናቴዎስም በመጽሐፉ ያቆየልን ደብዳቤ የተላከው ለእነዚሁ ለኢዛናና ለሳይዛና ነው። አንዳንዶች ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ አብርሃ የሚለው ስም ከንጉሥ ካሌብ ዘመን የመጣ ነው ይላሉ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ ግን የድርሳኑ ጸሐፊ ሁለት ወንድማማች ነገሡ ሲል ከሜዳ ያመጣው ነገር አይመስለኝም፤ ድንጋዩም ደብዳቤውም ወንድማማቾችን ያነሣሉና።

በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ የአክሱም ገበሬዎች በሦስቱ ጽሕፈት የተቀረጸ ሌላ የኢዛና ድንጋይ ከመሬት ውስጥ አገኙ። ያገኙት የተማሩ ሰዎች አለመሆናቸውን ልብ ይሏል። ድንጋዩን ከስፍራው የሚያነሣውን ሰው የሚረግም ቃል ተጽፎበታልና አልተነሣም፤ ወደ ካሌብና ወደ ገብረ መስቀል መቃብር በሚወስደው መንገድ ዳር በላዩ ትንሽ ቤት ተሠርቶለት ቆሟል።