1780 የሚል ጠገራ ብር ከአያታችሁ ሳጥን ቢወጣ



ባለፈው ሰሞን ሀና ማርያም የሚኖር አንድ ወንድማችን ትልቅ የብር ሳንቲም ይዞ መጣ። ቤት ሲቀይሩ ከአያቱ ሳጥን ሥር፣ በጨርቅ ተቋጥሮ የተገኘ ነው። በአንዱ ፊት ሻሽ የተከናነበች ሴት፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት። ዓመቱ 1780 ይላል። የሰፈር ልጆች "የንግሥት መታሰቢያ ነው፣ መቶ ሺዎች ያወጣል" አሉት። አንድ ደላላ ደግሞ "አሮጌ ብረት ነው" ብሎ በጥቂት ገንዘብ ሊወስድበት ነበር። አያቱ ግን "የእናቴ የመህር ብር ነው" ይላሉ። ማን ነው ልክ?

በሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ብሩን አባቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ይሉታል። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መታሰቢያ ቢመስል አይገርምም። የመታሰቢያ ሳንቲም ግን አንድን በዓል ወይም ሰው ለማስታወስ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ክብር እንደተሠሩት የወርቅ ሳንቲሞች ማለት ነው። ጠገራ ብር የንግድ ገንዘብ ነበር።

ታዲያ ዓመቱ ለምን አልተቀየረም? ነጋዴው ስለማይፈቅድ ነው! በቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ቡና፣ ጨውና ጨርቅ የሚያዘዋውሩ ነጋዴዎች፣ በአገራችንም ብዙዎቹ ሙስሊም የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች፣ የለመዱትን መልክ ካላዩ አይቀበሉም ነበር። የዘውዱን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፣ ጠርዙን በጣት ይዳብሳሉ። አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር አውጀው በፓሪስ ቢያስቀርጹም ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። ጣሊያንም በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ ተመሳሳይ ብር ብትሠራ ሕዝቡ አልተቀበለውም።

ስለዚህ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትነሳ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያን ማተሚያውን ከቪየና ወስዳ ያንኑ ማርትሬዛ በሮም ቀረጸች። ከዚያ በኋላ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ቀረጹት። ሁሉም የጻፉበት 1780 ነው። በአገራችን አዲሱ ገንዘብ የወጣው ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጠገራ ብርም ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ።

እንግዲህ 1780 የሳንቲሙ የልደት ዓመት ላይሆን ይችላል። የወንድማችን አያት እናት ኒካሓቸው የታሰረው ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። መህራቸው ያኔ ገና አዲስ ብር የነበረ ሊሆን ይችላል።

ተመሳሳይ ብር እጃችሁ ከገባ እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ። ትክክለኛው 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ብዙ የተሠራበት ትንሽ ሊቀንስ፣ ለአንገት ማንጠልጠያ የተበየደለት ሊጨምር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጠርዙን እዩ። ዙሪያውን "በፍትሕና በርኅራኄ" የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቶበታል። ይህ ከሌለ ተጠራጠሩ። ማግኔት ከሳበውም ብር አይደለም።

ሦስተኛ፣ በሎሚም በአመድም አትፈትጉት። የተፈተገ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል።

ዋጋውስ? በብዙ ሚሊዮን የተቀረጸ በመሆኑ፣ አብዛኛው በውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙም አይርቅም። ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። የዕለቱን የብር ዋጋ በዚህ ማባዛት ነው። የጥንቶቹ ቅርጾች የተሻለ ያወጣሉ፤ እነሱን የሚለየው ግን የንስሩን ላባና የዕንቁዎቹን አቀማመጥ የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ይህ ስሌት ለዘካም ይጠቅማል። ብዙ ዑለማዎች የብርን ኒሷብ 595 ግራም ያደርጉታል። ስለዚህ 26 ጠገራ ብር ያስቀመጠ ሰው ኒሷብ ሞልቶበታልና ዓሊም ይጠይቅ።

የወንድማችን ብር 28 ግራም መዘነ፤ የጠርዙም ጽሑፍ ይነበባል። ስለዚህ "አሮጌ ብረት" ያለው ደላላ ዋሽቷል። ግን ወንድማችንም "የ240 ዓመት ቅርስ ነው" ብሎ ቢሸጠው ያው ውሸት ነው። ሚዛን ማጉደል በክብደት ብቻ አይደለም።

እሱ ግን ላለመሸጥ ወስኗል። እናንተም ከመሸጣችሁ በፊት አያቶቻችሁን ጠይቁ። ክብደቱን ወርቅ ቤት ይነግራችኋል፤ የማን መህር እንደነበረ የሚያውቁት ግን እነሱ ብቻ ናቸው።