የታመቀ አየርና የዋግ መንገድ

ደንሎፕ በአየር ለሚነፋው ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓተንት ካገኘ ወዲህ የመኪና ታሪክ የታመቀ አየር ታሪክም ሆኗል። በአገራችን ጎማና ጎሚስታ የተባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መወረሳቸው ሙያው በየትኛው ዘመን እንደተስፋፋ ያመለክታል። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚዘልቀው ዋና መንገድ በኮረም ሲያልፍ ሰቆጣን በስተምዕራብ ትቷት ሄደ፤ ጎሚስታውም መንገዱን ተከትሎ ሰፈረ። የመገለሉ ዋጋ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ታየ። ጦርነትም ተጨምሮበት፣ እህሉ ወደ ዋግ ሳይደርስ ብዙው የዋግ ሕዝብ ወደ ኮረም በእግሩ ተጓዘ።

ከባድ የጭነት መኪኖች ለፍሬናቸው ሲሉ ኮምፕሬሰር ይዘው ይጓዛሉ፤ ፒክአፕ ግን የሚተከልለትን ይጠብቃል። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ኮምፕሬሰር የተገጠመለት ሾፌር በኮረኮንች ላይ ያስተነፈሰውን ጎማ ራሱ መልሶ ይሞላል። ሆኖም ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ መሣሪያው ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ይግላልም። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ፣ በባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ከአቧራና ከሞተር ሙቀት የራቀ ቦታ፣ ማጠራቀሚያ ካለውም ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ሊጓደሉ አይገባም።

ወደ ሰቆጣ መንገዱ ዘገየ፤ ጎሚስታው ደግሞ ከመንገዱም ዘገየ። መድኃኒት ወይም ወላድ የጫነ መኪና አየሩን ይዞ ከተጓዘ፣ ቢያንስ ሁለተኛውን መዘግየት ያሳጥረዋል።