የሊቃውንት መምህር ቅድስት ማክሪና

ደቀ መዝሙር ሲመሰገን መምህሩን መጠየቅ በጉባኤ ቤት የቆየ ልማድ ነው። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለትን ታላቁን ባስልዮስን ማን አስተማረው ቢሉ፥ ብዙ ሰው አቴናን ይጠራል፤ ለምናኔ ያበቃችው ግን ታላቅ እኅቱ ማክሪና ናት።

ማክሪና በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ፫፻፳፯ ዓመት ገደማ ከባለጸጎች ክርስቲያኖች ተወለደች። እናቷ ኤሜልያ የአረማውያንን ተረት ትታ መጽሐፈ ጥበብንና መዝሙረ ዳዊትን አስተማረቻት። በ፲፪ ዓመቷ አባቷ ለአንድ ጐልማሳ አጫት፤ እርሱም ሳያገባት ሞተ። ሌላ እንድታገባ ቢመክሯት፥ «በትንሣኤ ተስፋ ሕያው ነው፤ መንገድ ለሄደ ሰው ቃልን ማፍረስ አይገባም» ብላ በድንግልና ጸናች።

ባስልዮስ ትምህርቱን ፈጽሞ ከአቴና ሲመለስ በንግግር ጥበቡ ታብዮ ነበርና፥ የዓለምን ክብር አስንቃ ወደ ምናኔ መለሰችው። እናቷንም መክራ በጳንጦስ አገር በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በአኒሳ ያለውን ርስታቸውን ገዳም አደረገችው። በዚያ እመቤትና ገረድ በአንድ ማዕድ በሉ፤ በአንድ ዐይነት መኝታም ተኙ። በረኃብ ዘመን በየመንገዱ የወደቁትን ልጆች አንሥታ አሳደገች፤ እርሷ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ጴጥሮስም ለተራበው ሕዝብ እህል አከፋፈለ። ምናኔን በቃል ማመስገን ቀላል ነው፤ በገዛ ቤት ጌትነትን መተው ግን ከባድ ነው።

ባስልዮስ ለእኛ በቀሩት መልእክቶቹ ሃይማኖትን ያስተማረችውን አያቱን ያመሰግናል፤ የእኅቱን ስም ግን አያነሣም። ታሪኳን ያተረፈልን ሌላው ወንድሟ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። ባስልዮስ ካረፈ ከወራት በኋላ፥ በ፫፻፸፱ ዓመት፥ ሊጠይቃት ቢሄድ በምድር ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ተኝታ አገኛት። እርሱ በወንድሙ ሞት ሲያዝን፥ እርሷ በንዳድ እየተቃጠለች ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ አስተማረችው። ኋላም ይህን ነገር በመጽሐፍ ሲጽፍ፥ ጳጳሱ ራሱን ጠያቂ፥ እኅቱን «መምህር» አድርጎ ጻፈ።

በማግሥቱ በመብራት ጊዜ ዐረፈች። ለመገነዣዋ ልብስ ቢፈልጉ ከለበሰችው በቀር ሌላ አልተገኘም፤ ጎርጎርዮስ ያዘጋጀውን ልብስ አልብሰው የእናቷን ጥቁር መጐናጸፊያ ደረቡላት።

እንግዲህ ወንድሞቿን ስናመሰግን እርሷንም እናስብ፤ ባለውለታን በዝምታ ማለፍ ለሊቅም ቢሆን ዕዳ ነውና።